የሚዞረው መድረክና ስሙ ያልተጠራው በሽታ

የዚህ መጽሔት አዘጋጆች «20 ዓመታችን ደረሰ፤ አንድ ነገር ጻፊልን» ብለው ሲደውሉልኝ፣ ስለ ደም ግፊት ወይም ስለ ስኳር የምጽፍ መስሏቸው እንደነበር ከድምፃቸው ገብቶኛል። ስለ ቴአትር ነው ስላቸው ትንሽ ዝም አሉ። በዶርም የሚያውቁኝ ግን አይገረሙም። ቅዳሜ ከሰዓት እናንተ አናቶሚ ስትሸመድዱ ብሔራዊ ቴአትር የምሰለፈው እኔ ነበርኩ፤ ሰኞ ፈተና ላይ ላብ ያጠመቀኝም እኔው ነኝ። መምህሮቼ ይህን ካነበባችሁ ይቅርታ።

ጉዳዬ አንድ ሙዚቃዊ ቴአትር ነው፤ «ሌ ሚዜራብል»። እኛ በአማርኛ ትርጉሙ «ምንዱባን» ብለን የምናውቀው የቪክቶር ሁጎ ታሪክ ማለት ነው። ሁለተኛ ዓመት ሳለን አንድ ሽፋኑ የተገነጠለ «ምንዱባን» ከአልጋ አልጋ ይዞር እንደነበር ታስታውሳላችሁ? የመጨረሻዎቹ ገጾች አልነበሩትም። ዣን ቫልዣን ይሙት ይዳን ሳናውቅ ነው ወደ ፊዚዮሎጂ ያለፍነው። መጨረሻውን ያየሁት ከስንት ዓመት በኋላ ነው፤ ያውም በዘፈን። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት የፈረንጅ ናቸው፤ የእኛን አቆጣጠር ስጠቀም እናገራለሁ።)

በ2010 ለሦስት ወር ስልጠና ለንደን ተላክሁ። የመጀመሪያው ሳምንት አበሌ ላይ ቆጥቤ ሻፍትስበሪ ጎዳና ያለው ኩዊንስ ቴአትር ገባሁ። የቆረጥኩት ከሁሉም የረከሰውን ትኬት ስለነበር ጣሪያው ሥር ነው ያስቀመጡኝ፤ ከዚያ ሲታይ ተዋንያኑ የክብሪት እንጨት ያካክላሉ። በኋላ ነው ዕድለኛ እንደነበርኩ የገባኝ። የዚያ ዝግጅት ዋና ነገር የሚታየው ከላይ ነው፤ ለምን እንደሆነ እመለስበታለሁ።

አፈጣጠሩን ላውጋችሁ። ሐሳቡ የመጣው ለፈረንሳዊው የግጥም ደራሲ ለአላን ቡብሊል ነው። ለንደን ውስጥ «ኦሊቨር!» የተባለውን ሙዚቃዊ ቴአትር ሲመለከት፣ የሌባውን ልጅ አይቶ ጋቭሮሽ ትዝ አለው፤ የሁጎው የጎዳና ልጅ። ወደ ፓሪስ ተመልሶ ከሙዚቃ ደራሲው ከክሎድ ሚሼል ሾንበርግ ጋር ሥራ ጀመሩ። በ1980 አልበሙ ወጣ፤ በዚያው ዓመት መስከረም በሮቤር ሆሴን አዘጋጅነት ፓሪስ ባለ ትልቅ የስፖርት አዳራሽ ውስጥ ታየ። ሦስት ወር ገደማ ቆይቶ የአዳራሹ ኪራይ ሲያልቅ ወረደ። ብዙ ሕዝብ አይቶታል፤ ቢሆንም ነገሩ እዚያው ሊቀር ይችል ነበር።

አልበሙ ከጊዜ በኋላ በአንድ የሃንጋሪ ተወላጅ ዳይሬክተር እጅ ካሜሮን ማኪንቶሽ ዘንድ ደረሰ። ማኪንቶሽ «ካትስ»ን ለመድረክ ያበቃ የለንደን ፕሮዲውሰር ነው። የሚገርመው፣ ቡብሊል ያየውን «ኦሊቨር!»ም ያቀረበው እሱ ነበር። ፈረንሳይኛ አይችልም፤ ዜማውን ሰምቶ ብቻ ወሰነ። ሮያል ሼክስፒር ካምፓኒን አግባባ፤ ትሬቨር ነንና ጆን ኬርድ አዘጋጆች ሆኑ። የእንግሊዝኛውን ግጥም እንዲጽፍ መጀመሪያ የተመረጠው ገጣሚው ጄምስ ፌንተን ነበር፤ ሥራው ስለተጓተተ ለኸርበርት ክሬትስመር ተሰጠ። ክሬትስመር ደቡብ አፍሪካ የተወለደ ጋዜጠኛ ነው፤ ቀን ቀን ለጋዜጣ የቴሌቪዥን ትችት ይጽፋል። ገጣሚው ያልጨረሰውን ጋዜጠኛው በወራት ጨረሰው። የቀነ ገደብ ነገር ጋዜጠኛና ኢንተርን ብቻ ነው የሚገባቸው እላለሁ እኔ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። የፓሪሱ ዝግጅት ተመልካቹ ታሪኩን ከትምህርት ቤት ያውቀዋል ብሎ ነው የተነሳው። ለእንግሊዙ ግን የዣን ቫልዣን እስር፣ የዳቦው ስርቆት፣ የጳጳሱ የብር መቅረዞች ገና ከመግቢያው መነገር ነበረባቸው። ስለዚህ አዲስ መግቢያ ተጻፈ። ዛሬ ያለዚያ መግቢያ ሥራውን ማሰብ አይቻልም። ቫልዣን በምሽጉ ሌሊት ለማሪየስ የሚጸልይበት ዜማም የተጨመረው ልምምድ ከተጀመረ በኋላ ነው፤ ለኮልም ዊልኪንሰን ድምፅ ተለክቶ የተሰፋ ነው ማለት ይቻላል። ከእሱ በኋላ የመጡ ተዋንያን ያን ከፍታ በተለያየ ዘዴ ነው የሚወጡት፤ አንዳንዶቹ ሲወጡት እኔ ነኝ ትንፋሽ የሚያጥረኝ።

ጥቅምት 8 ቀን 1985 ባርቢካን ተከፈተ። በማግስቱ አብዛኞቹ ሐያስያን አብጠለጠሉት። አንድ የሼክስፒር ቤት የሁጎን ትልቅ መጽሐፍ ወደ ለቅሶ ዘፈን አወረደው ተባለ። ማኪንቶሽ ዝግጅቱን ወደ ፓላስ ቴአትር ለማዛወር ወይም ለመተው በጥቂት ቀናት ውስጥ መወሰን ነበረበት። እሱ ራሱ ደጋግሞ እንደሚያወራው፣ ተስፋ ሊቆርጥ ሲል ወደ ትኬት ቢሮው ቢደውል ስልኩ አልያዝ አለው፤ ሰው ትኬት ፍለጋ መስመሩን ዘግቶት ነበር። ታኅሣሥ 4 ቀን ወደ ፓላስ ተዛወረ። በ1987 መጋቢት ኒው ዮርክ ገባ፤ 8 የቶኒ ሽልማት ወሰደ፤ እዚያም በ2003 ግንቦት እስኪዘጋ ድረስ 6,680 ጊዜ ታየ።

ታዲያ ሐያስያኑ ተሳስተው ነበር? እኔ ግማሽ በግማሽ እላለሁ። ኮዜት አድጋ ከመጣች በኋላ የምትሠራው ሥራ የላትም፤ ቆማ ከመወደድ በስተቀር። የቴናርዲዬዎቹ ቀልድ መጀመሪያ ላይ ያስቃል፤ በሠርጉ ሲደገም ግን «አሁንስ ውጡ» ያሰኛል። የፋንቲን አሟሟት ደግሞ ለሐኪም ፈተና ነው። ሳንባዋ ያለቀ ሴት ያን ሁሉ ረጅም ዜማ በምን አየር ትዘፍናለች? ከጎኔ የነበረች እንግሊዛዊት ስታለቅስ እኔ የአተነፋፈስ ብዛት እቆጥር ነበር፤ ልማድ መጥፎ ነው። ሁጎ ግን በዚህ ረገድ ጠንቃቃ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ሐኪሙ የፋንቲንን ደረት አዳምጦ ራሱን ይነቀንቃል፤ በዘመኑ የደረት በሽታ ሕክምና የላኔክን መንገድ መከተል መጀመሩንም ይጠቅሳል። ላኔክ በ1816 ስቴቶስኮፕን የፈለሰፈው ሰው ነው፤ በ1826 ራሱም በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። ይህ በመድረኩ ላይ የለም። አልፈርድም፤ ሁሉን ቢይዙ ሌሊቱ አይበቃም።

አሁን ወደ መድረኩ። የመጀመሪያውን ዝግጅት መድረክ የሠራው ጆን ናፒየር ነው። ወለሉ መሐል ላይ አንድ ትልቅ ክብ አለ፤ ይዞራል። በቃ ይኸው ነው። ቫልዣን ከእስር ወጥቶ አገር ላገር ሲንከራተት እሱ ይራመዳል፣ ምድር ከሥሩ ትዞራለች፤ ብዙ ሄዶ እዚያው ነው። ዓመታት እንዲህ ያልፋሉ። ከታች የተቀመጠ ሰው ተዋንያኑ ሲያልፉ ያያል፤ ከጣሪያ ሥር የተቀመጠ ግን ክቡን ራሱን ያያል፤ ማን ከማን ጋር እንደሚቀራረብና ማን ማንን እንደሚያመልጥ። ድሃ ትኬት የገዛሁ ዕለት የበራልኝ ይህ ነበር።

ክቡ ከሁሉ በላይ የሚሠራው በምሽጉ ነው። ተማሪዎቹ ከጠረጴዛ፣ ከወንበርና ከጋሪ ስባሪ የሚሠሩት ምሽግ በሁለት ክፍል ከግራና ከቀኝ መጥቶ መሐል ላይ ይጋጠማል። ጦርነቱን የምናየው ከተማሪዎቹ ወገን ሆነን ነው። መጨረሻው ተኩስ ካበቃ በኋላ ዝም ይላል። ከዚያ ምሽጉ በዝግታ ይዞራል። ማንም አይናገርም። ከኋላው አንጆልራስ ቀይ ባንዲራው ላይ ቁልቁል ተዘቅዝቆ ወድቋል፤ ሌሎቹም እንደወደቁ ናቸው። መድረኩ የሞቱትን በተራ ያሳየናል፤ እንደ ራውንድ። ሌላ ቃል አጥቼ አይደለም፤ ሐኪም ሆኜ ሳየው የታየኝ እሱ ነው። ከአልጋ ወደ አልጋ።

የዚህን ምሽግ ታሪክ ብዙ ሰው ከፈረንሳይ አብዮት ጋር ያምታታዋል። የ1789ኙ አይደለም። ሰኔ 5 እና 6 ቀን 1832 ፓሪስ ውስጥ የተነሳ የሁለት ቀን ዐመጽ ነው። መነሻው የጄኔራል ላማርክ ቀብር ነበር። ላማርክ ሕዝብ የሚወደው፣ ለሪፐብሊካኖቹ ቅርብ የሆነ የምክር ቤት ሰው ነው። በቴአትሩ ውስጥ ስሙ ይነሳል፤ ታመመ ይባላል፣ ሞተ ይባላል፣ ወጣቶቹም ቀብሩን ምልክት አድርገው ይነሳሉ። በምን ሞተ ግን? በኮሌራ።

በመጋቢት መጨረሻ ላይ ወረርሽኙ ፓሪስ ገብቶ ነበር። በዚያ ዓመት ከተማዋ ውስጥ ከ18,000 በላይ ሰው ገደለ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ካዚሚር ፔሪዬ በግንቦት ሞተ፤ ላማርክ ከእሱ ሁለት ሳምንት በኋላ። ሐኪሞቹ ያላቸው አልቅት፣ ደም ማፍሰስና ክርክር ነበር። ድሃው ሰፈር ይበልጥ ስላለቀ «ሐብታሞች ውኃችንን መረዙት» የሚል ወሬ ተነሳ፤ በወሬው ብቻ መንገድ ላይ ተደብድበው የሞቱ አሉ። የሰኔው ዐመጽ ሙታን ከሁለቱም ወገን ተደምረው 200 አይሞሉም። እስቲ ቁጥሮቹን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ሁጎ ይህን አልዘለለውም፤ ከዐመጹ በፊት ኮሌራው የከተማዋን መንፈስ እንዴት እንዳቀዘቀዘው ጽፏል። ከመጽሐፉ ወደ መድረክ ሲሻገር ግን በሽታው ወደቀ። ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ስሙ ሲጠራ አልሰማሁም።

ይህን ሁሉ ያን ማታ አላውቅም ነበር። ላማርክ በምን እንደሞተ ያነበብኩት በማግስቱ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ነው። አንብቤም መጽሐፉን ከደንኩት፤ ምክንያቱም የራሴ የሆነ ነገር ነበረኝ።

በእኛ አቆጣጠር 1999 ነው፤ ከተመረቅን ዓመት አልሞላንም። ከእናንተ ውስጥ የተለያየ ቦታ የደረሳችሁ አላችሁ፤ እኔ ከአንድ ገጠር ከተማ ወጣ ብሎ በተተከለ ድንኳን ውስጥ ነበርኩ። መሐሉ የተቀደደ የሸራ አልጋ፣ ከሥሩ ባልዲ፣ የበረኪና ሽታ፣ ሪንገር ላክቴት በካርቶን። ከእኔ ጋር የነበሩት ሲስተር ሥራውን ከእኔ በእጥፍ ያውቁታል፤ «ዶክተርዬ፣ ትልቁን መርፌ ነው የሚያዋጣሽ» ብለው ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። የምናክመው ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን በመዝገብም በአፍም የምንለው «አተት» ብቻ ነበር፤ አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት። ሌላው ቃል እንዳይነገር ከበላይ ተነግሮናል። እኔም አልተናገርኩም።

አንድ ሌሊት አንድ አባወራ በጋሪ መጣ። ልጁ አብሮት ነበር፤ አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። የሰውየው ዓይን ጎድጉዷል፣ ቆዳው ሲቆነጠጥ እንደተቆነጠጠ ይቀራል፣ የእጅ አንጓው ላይ የደም ትርታ የለም። ሲስተር በአንድ ክንዱ እኔ በአንድ ክንዱ ደም ሥር ፈለግን። አገኘን፤ አንዱ ጆንያ ገባ፣ ሁለተኛው ሳይጋመስ ሞተ። ቤታቸው ከጤና ጣቢያው የስድስት ሰዓት መንገድ ነው፤ ጠዋት ቢመጣ ይድን ነበር። ልጁ ጋሪው አጠገብ ቆሞ «ምን ይባላል በሽታው?» አለኝ። «አተት» አልኩት። «እሱስ ምንድን ነው?» አለኝ። ውኃ አፍልታችሁ ጠጡ፣ እጃችሁን ታጠቡ፣ ምናምን አልኩት። ስሙን አልነገርኩትም። የመንደሩ ሰው ኮሌራ የሚለውን ቃል ያውቀዋል፤ ቢሰማው ኖሮ በማግስቱ ከዚያ ወንዝ የሚቀዳ ይቀንስ ነበር ብዬ እስካሁን አስባለሁ። በሚቀጥሉት ቀናት ከዚያው መንደር ሰባት ሰው መጣልን። ሲስተር ባይኖሩ ስንቱ ይተርፍ እንደነበር አላውቅም።

እንግዲህ ምሽጉ ሲዞር ምን እንዳየሁ ገባችሁ።

በ2023 ለጉባኤ ለንደን ተመለስኩ። እዚያ ከምትሠራ የእኛው ባች ልጅ ጋር (ስሟን አልጠራም፤ ማን እንደሆነች ታውቃላችሁ፣ ፈተና ስታልቅስ የምታልፈዋ) እንደገና ልናየው ሄድን። ቤቱ ያው ነው፤ ስሙ ግን ሶንድሃይም ቴአትር ሆኗል። ዋናው ዝግጅት ሐምሌ 13 ቀን 2019 ለመጨረሻ ጊዜ ታይቶ ወርዷል። የተተካው ለ25ኛ ዓመቱ ለጉዞ ተብሎ በ2009 ካርዲፍ ላይ የተጀመረው ነው፤ አዘጋጆቹ ሎረንስ ኮነርና ጄምስ ፓወል፣ መድረኩን የሠራው ማት ኪንሊ። ክቡ የለም። ከኋላ በሁጎ ሥዕሎች ላይ የተመሠረቱ ምስሎች ይታያሉ። ሁጎ ሠዓሊም እንደነበር ያወቅሁት በዚህ ነው፤ ለዚህስ አመሰግናቸዋለሁ።

ጓደኛዬ አዲሱን ትወዳለች። ያፋጥናል፣ ያምራል፣ ድሮ ጨለማ ውስጥ የሚንከራተቱት ሰዎች አሁን ፊታቸው ይታያል ትላለች። ማሪየስ የሞቱ ጓደኞቹን ሲያስብ ሙታኑ ከወለሉ ላይ ሻማ እያነሱ የሚሄዱበት አለ፤ እውነት ለመናገር እኔንም ነክቶኛል። የፍሳሽ ቦዩ ጉዞ ግን አልሆነልኝም። ድሮ ቫልዣን ማሪየስን ተሸክሞ ሲሄድ የምናየው ጨለማና ከላይ በቀዳዳ የሚወርድ የብርሃን ዘንግ ብቻ ነበር፤ ሽታውን እኛው እንሞላዋለን። አሁን የቦዩ ምስል ከኋላው ይሮጣል፤ ሁሉንም ነገር ሠርተው ሰጡኝ፣ ለእኔ የተረፈ ሥራ የለም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ምሽጉ። አሁን አይዞርም። አንጆልራስና ጋቭሮሽ በጋሪ ላይ ተጭነው ይመጣሉ።

«ይሄ አይሻልም? ልጁን አታዪውም እንዴ?» አለችኝ ስንወጣ። ጋሪ ላይ የተጫነ አስከሬን ማየት ለምን እንደማልፈልግ ልነግራት አፌን ከፍቼ ተውኩት። ያልኳት ሌላ ነው፤ እሱም አቋሜ ነው። በጋሪ ሲመጣ ሞቱ የሁለት ሰው ይሆናል፤ የምናውቃቸው የሁለት ሰው። ክቡ ሲዞር ግን መድረኩ አይመርጥም፤ ስሙን የማናውቀውንም አንድ በአንድ ያልፍበታል። የዚህ ታሪክ ርዕስ «ምንዱባን» ነው እኮ፤ ብዙ ቁጥር ነው። ለጉዞ የሚመች ዝግጅት መሥራት ያስፈልግ እንደነበር ይገባኛል፤ ያን ከባድ ወለል ከከተማ ከተማ ማዞር ቀላል አይደለም። የራሱ ቤት ባለበት ለንደን ውስጥ ግን ለምን ተነቀለ? «ናፍቆት ነው የያዘሽ» አለችኝ። ሊሆን ይችላል። እሷ የአንደኛ ዓመቱን የካፌ ሽሮ ትናፍቃለች፤ የእኔው ይሻላል።

እየተከራከርን በሶሆ ውስጥ በእግር ሄድን። 10 ደቂቃ በማይሞላ መንገድ ብሮድዊክ ጎዳና ላይ ደረስን። ኮሚኒቲ ሄልዝ ላይ ያስሸመደዱን የጆን ስኖው ፓምፕ ያለው እዚያ ነው፤ በ1854 መስከረም እጀታው የተነቀለው፣ በአካባቢው ከ600 በላይ ሰው ያለቀበት። አሁን ያለው ምሳሌው ነው፤ እሱም እጀታ የለውም። ቴአትሩ የተሠራው ከዚያ ወዲህ በ1907 ነው፤ በየማታው ከሺህ ያላነሰ ሰው ላማርክን ሊያለቅስ እዚህ ጥግ አጠገብ ይቀመጣል።

ጓደኛዬ ፎቶ አንሽኝ ብላ ፓምፑን ተደግፋ ቆመች። ሳነሳት የላማርክን ነገር ነገርኳት። አላወቀችም ነበር፤ እሷ ራሷ የተላላፊ በሽታ ሐኪም ናት። ከዚያ የድንኳኑን፣ የጋሪውንና የልጁን ነገርኳት፤ ለአሥራ ስድስት ዓመት ለማንም አልተናገርኩም ነበር። ዝም ብላ ሰማችኝና «እኔም አንድ ድንኳን ነበረኝ» አለች። ያን ሌሊት ቴአትሩን ረሳነው፤ ባቡሯ እስኪያመልጣት አወራን።

ይህን ስጽፍ ደውዬ አስፈቅጃታለሁ። ለመገናኛው በዓል ትመጣለች። «ምንዱባን»ን ያስቀረሁት እኔ ነኝ ብላለች፤ የመጨረሻዎቹ ገጾች እሷም ጋ የሉም።